እንደምን አደራችሁ የሚል በር

በኮምቦልቻ ሰው የሚነሳው በሩ ሲጠይቀው ነው። ጀምበር ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል፣ በየበሩ መቃን ላይ የተሰካችው፣ ጠያቂ የምንላት ተናጋሪ ዕቃ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግና «እንደምን አደራችሁ?» ትላለች። ድምፅዋ የአገር ልጅ ድምፅ ነው፤ የወሎን ለዛ ሳያጎድል ይጎትታል። ከቤቱ በዕድሜ ትልቅ የሆነው ሰው ይመልስላታል። «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» የሚል አለ፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚል አለ፤ በእኛ ሰፈር ብዙው ቤት ተጋብቶ ስለተቀላቀለ ሁለቱንም አከታትሎ የሚል አለ። እሷም «ልጆቹስ? ቀየውስ? ከብቱስ?» እያለች ትቀጥላለች። በከተማው ከብት ያለው ሰው የለም። ቢሆንም ስለ ከብቱም «ደህና» ይባላል። ሲያልቅ መርቃ ዝም ትላለች፤ ሰውም ወደየጉዳዩ ይሄዳል፣ ጉዳይ ካለው።

ጠያቂዋን በየበራችን የተከለልን ጓዳ ነው። ሙሉ ስሙ የጓዳ ኅብረት ፓርቲ ነው፤ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ግን ከእሱ ደመወዝ የሚበላ ሰው ብቻ ነው። ጓዳ የተወለደው እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ማሰናበት በጀመሩበት ዘመን፣ ከሥራ የወጡት ሰዎች ተሰብስበው «ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ የሚያወራልን ሞልቷል፤ ስለ ዱቄት የሚያወራልን ይምጣ» አሉ። ከመሀላቸው የተነሱት የመጀመሪያዎቹ መሪዎች «የሰው ኑሮ የሚታወቀው በሳሎኑ ሳይሆን በጓዳው ነው» ብለው ሲናገሩ ትልልቅ ወንዶች አልቅሰዋል ይባላል። እኔ አልደረስኩበትም። ጋሽ ኢምራን ግን ደርሰውበታል፤ ካለቀሱትም አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ፋብሪካዎቹ ያለ ሰው ይሠራሉ። መብራት አያበሩም፤ ማሽን ጨለማ አይፈራም። ከከተማው ዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ጉምጉምታቸውን ይሰማል እንጂ የሚገባም የሚወጣም አያይም። ጓዳ ሥራውን አላስመለሰልንም፤ በምትኩ ከባለፋብሪካዎቹ ጋር ተደራድሮ ድርሻ አመጣልን። ድርሻ ማለት በየወሩ በየቤቱ የሚደርስ ዱቄት፣ ዘይት፣ ምስርና ሳሙና ነው፤ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ደግሞ መድኃኒት። ከተማው በድርሻ ይኖራል። በድርሻ መኖር ይከብዳል፤ ወሩ ሳያልቅ ዱቄቱ ያልቃል፣ ዱቄቱ ሳያልቅ ዘይቱ ያልቃል። ግን ይኖራል።

እኔ የሒክማ ተከራይ ነኝ። ግቢዋ ውስጥ ካለችው አንዲት ክፍል እኖራለሁ። ሒክማ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ የሰፈሩን ሴቶች ሹሩባ እየሠራች በእንቁላልና በሽሮ የምትቀበል ሴት ናት። በወጣትነቷ ለጓዳ ቤት ለቤት እየዞረች የቀሰቀሰችው ስንት መንደር እንደሆነ ሰዎች አሁንም ያወራሉ። ጋሽ ኢምራን አባቷ ናቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ በየማለዳው ይወጋሉ። መድኃኒቱ ከድርሻው ጋር ነው የሚመጣው፤ በገበያ የሚገዛው ሰው በእኛ ሰፈር ይቅርና በቀበሌው የለም። ያ መድኃኒት ለጥቂት ቀን ቢቋረጥ ምን እንደሚሆኑ ሐኪሙ ለሒክማ ነግሯታል፣ ሒክማ ለእኔ ነግራኛለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ጋሽ ኢምራንን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እሳቸው ሰላምታ የማይመልሱበት፣ ምርቃት ላይ አሜን የማይሉበት ቀን የለም። የተቆጣቸውን ሰው እንኳ «አላህ ያብርድልህ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ሌባ አጥር ሲዘል አግኝተውት መጀመሪያ ያሉት «እንዴት ዋልክ ልጄ» ነው። ይህን ሲነግሩኝ ስቄ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ያን ሰኞ ጠያቂዋ እንደወትሮዋ ጠየቀች። ጋሽ ኢምራን ከመደባቸው ላይ ሆነው «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ እንዴት አላችሁ?» አሉ። ከብቱም ደህና ተባለ። ከዚያ ግን ዝም አላለችም።

«ደስ የሚል ዜና ይዘናል» አለች። «የኮምቦልቻ ሕዝብ ለረጅም ዓመታት ደህና መሆኑን በየማለዳው ሲያረጋግጥልን ቆይቷል። ይህ የፓርቲያችን ትልቁ ድል ነው። ስለዚህ ድርሻው ከዚህ ወር ማብቂያ ጀምሮ ደህና ላልሆኑ ወገኖቻችን ይዛወራል። እንኳን ደስ አላችሁ!»

ከዚያ እልልታ አሰማች። በመንገዱ ላይ ካሉት በሮች ሁሉ ያው እልልታ ባንድ ላይ ወጣ።

ጋሽ ኢምራን «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አሉ፤ ከልማድ። ሒክማ የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ። እኔ ከክፍሌ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ጋሽ ኢምራን ለምን ነገር ደስ አለን እንዳሉ የገባቸው ዘግይተው ነው። «ምን አለች?» ብለው ልጃቸውን አዩ።

ሒክማ ነጠላዋን ደርባ ወደ ጓዳ ጽሕፈት ቤት ሄደች። እዚያ የሆነውን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናሆም ነው። በቅስቀሳው ዘመን እሷና እሱ አንድ ጃንጥላ ይዘው በዝናብ የዞሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ተነስቶ ሳማት፤ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አላት።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለችው፤ ወዲያውም ምላሷን ነከሰች። «ናሆም፣ ድርሻውን ልታነሱብን ነው?»

«እኛ አይደለንም ሒክማዬ። እናንተው ናችሁ» አላት። ከዚያ ጠረጴዛውን ነካ አደረገና የአባቷን ድምፅ አሰማት። ጠያቂዋ ዓመታት ያጠራቀመችው የጋሽ ኢምራን የማለዳ መልስ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። አንዳንዱ በጉንፋን የታፈነ ነው፣ አንዱ ባሏ በተቀበረ ሳምንት የተባለ ነው፣ አንዱ ዱቄት አልቆ ልጆቹ ውሃ ጠጥተው ያደሩ ዕለት የተባለ ነው። ሒክማ እያንዳንዱን ለየችው።

«አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ከፋኝ ብለው አያውቁም» አላት።

«ሰላምታ እኮ ነው! አንተስ ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምንድነው የምትለው?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን እላለሁ።»

«ይኸው!»

«እኔማ ደህና ነኝ» አላት ናሆም፣ ሳያሾፍ።

ሒክማ ደሟ ፈላ። «ስማችሁን ምን ብላችሁ ነው ያወጣችሁት? ጓዳ አይደላችሁም እንዴ? ገብታችሁ እዩዋ! ሌማቱን ግለጡት፣ በርሜሉን አንኳኩት! በዝናብ የዞርነው በር ላይ ቆማችሁ እንደምን አደራችሁ እንድትሉን ነው?»

«ሳይጠሩ የሰው ጓዳ መግባት ነውር ነው ሒክማ። ፓርቲያችን ባህል አክባሪ ነው።»

«እሺ፣ ድርሻው ለማን ነው የሚሄደው? ደህና አይደለሁም ያለ ከተማ አለ?»

«ለጊዜው የለም» አላት። «እስኪገኝ ድረስ መጋዘን ይቆያል።»

ሒክማ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ልወድቅ ነበር ብላኛለች፤ እንዳልወድቅ ያደረገኝ ንዴት ነው ብላኛለች። ናሆምም ክፉ ሰው አይደለምና ፊቷን አይቶ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚኝ» አላት። «ደህና አይደለንም የሚል ቤት ካለ ጓዳ በዚያው ቀን ይደርሳል። በዚያው ቀን! ይህን ፓርቲው አንድ ጊዜም አስተጓጉሎ አያውቅም። ማለት ያለባችሁ ይህን ብቻ ነው።»

እንግዲህ ሰፈሩ ቅሬ ተቀመጠ። ቅሬ ማለት በሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፤ እኛ ዘንድ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም አንድ ነው። ነገሩ ከቀብር ውጭ ስለነበር ሊቀመንበሩ ሼህ ረያን መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። ማንም እንዳልሞተ ተነገራቸው። ሒክማ ተነስታ የሰማችውን ሁሉ ዘርዝራ ስትጨርስ፣ የተቀመጥንበት ዳስ በጩኸት ተሞላ።

«ማማረር አይሆንም ወይ?» ያለ ሰው ነበር። «ፈጣሪ ደግሞ ያላየነውን ቢያሳየንስ?»

ሼህ ረያን ጢማቸውን እያሻሹ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። «ሐኪም ፊት ያመመህን ብትናገር በአላህ ላይ አላማረርክም። ይችም የበር ዕቃ ጠያቂ ነኝ ካለች እውነቱ ይነገራት።» አጠገባቸው የተቀመጡት መምሬ ያፌትም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ፤ «ሐሰት ከምንናገር ይሻላል» አሉ።

እትዬ ኤልዳና የሚባሉ ጎረቤታችን አሉ። ጉልበታቸው ስለማይሰራ በወንበራቸው ተሸክመን ነው ስብሰባ የምናመጣቸው። እሳቸው፣ «እኔ በዕድሜዬ ደህና አይደለሁም ብዬ የማውቀው ባሌ የሞተ ለት ነው» አሉ። «ሌላ ጊዜ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይወጣልኝም አይመስለኝ።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እኒያ ሴትዮ የተናገሩትን ቆም ብሎ ያሰበበት አንድም ሰው አልነበረም።

ልምምድ ተደረገ። ይህን ያላየ ሰው አያምንም። ትልልቅ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ ለሼህ ረያን «እንደምን አደራችሁ?» ጥያቄ «ደህና አይደለንም» ለማለት ይሞክራሉ፤ ግማሹ ሳቁ ያመልጠዋል፣ ግማሹ ብሎ ሲያበቃ «ግን እግዜር ይመስገን» ብሎ ይጨምርበታል። «ምስጋናውን ተዉት!» ትላለች ሒክማ እየጮኸች። «እሱን ከሰማች ደህና ናቸው ነው የምትለው!» አንድ አናጢ ላብ እስኪያጠምቀው ታግሎ በመጨረሻ ሲሳካለት ሰው አጨበጨበለት።

ጋሽ ኢምራን አልተለማመዱም። ቤት ሲገቡ ለልጃቸው የተናገሩትን በግድግዳው ሰማሁ።

«ሰው በማለዳ እንደምን አደርክ ሲልሽ ከፋኝ አይባልም። የጠየቀሽን ሰው ቀን ታበላሺበታለሽ።»

«ሰው አይደለችም አባባ። ዕቃ ናት።»

«ድምፅዋ የሰው ነው።»

«አባባ፣ መድኃኒቱ…» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እሳቸውም «እሺ በቃ፣ እላለሁ። ላንቺ ስል እላለሁ» አሉ።

ማለዳው ደረሰ። ሰፈሩ ከጠያቂዋ ቀድሞ ነቅቷል፤ ሁሉም በየበሩ ቆሟል። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንደምን አደራችሁ?»

ከላይ ሰፈር ጀምሮ ሲወርድ ሰማነው። «ደህና አይደለንም።» «ደህና አይደለንም።» አንዱ ሲል ቀጣዩ ይበረታል። እትዬ ኤልዳና ሳይቀሩ አሉት። ጋሽ ኢምራን ከበራቸው ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን አጣምረዋል። ሒክማን አዩ፣ ልጆቿን አዩ።

«ደህና… አይደለንም» አሉ። ወዲያውም የበሩን ጠያቂ «አፉ በይኝ» ብለው ይቅርታ ለመኗት።

ጠያቂዋ ከዚህ በፊት ሰምተን በማናውቀው ድምፅ፣ ዝቅ ባለና በተሰበረ ድምፅ፣ «ወይኔ! ምነው? ምነው?» አለች። «አይዟችሁ። መጣን።»

«መጣን» አለ የቀጣዩ ቤት በር። «መጣን፣ መጣን፣ መጣን» እያለ እስከ ታች ድረስ ወረደ።

ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ ምን ብዬ ልጻፈው? ሒክማ አባቷን አቅፋ ዘለለች። «መጣን አሉ! ሰምተሃል አባባ፣ መጣን አሉ!» ሴቶች እልል አሉ፤ ይህኛው እልልታ የእውነት ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ጓዳውን ለእንግዳ ማሳየት ጀመረ። ሌላ ጊዜ በመጋረጃ የሚሸሸገው ሁሉ ተገለጠ። የዱቄት በርሜል ክዳን ተነሳ፣ የዘይት ጀሪካን ተዘቅዝቆ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ባዶ ሌማት ተከፍቶ ወጣ። ነውራችንን አውጥተን ለፓርቲያችን አሰጣነው። ይምጡና ይዩ ብለን።

ረፋድ ላይ መኪኖቹ መጡ። ትልልቅ ናቸው፤ መንገዱን ሞሉት። «ዱቄት ነው!» አለ አንዱ። አብረን ለማራገፍ እጅጌያችንን ሰበሰብን።

የመጀመሪያው መኪና ጎኑ ሲከፈት የወረደው ድንኳን ነው። ሁለተኛው ወንበር ነው። ሦስተኛው አግዳሚ ነው። ድንኳኖቹ በየደጃፉ፣ ባዶ በርሜሎቻችን አጠገብ፣ ራሳቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኛ አሁንም አልገባንም። ሼህ ረያን «ለስብሰባ ይሆናል» አሉ። ከዚያ አውቶቡሶቹ ደረሱና ሰዎቹ መውረድ ጀመሩ። ጥቁር የለበሱ ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ገና እግራቸው መሬት ሲነካ ለቅሶውን ለቀቁት፤ ደረት የሚመታ፣ «ወየው ወየው» የሚል። የለቅሶው ድምፅ ከአንድ ድንኳን ወደ ሌላው ሲዛመት ሰፈሩ በአንድ ሌሊት ያለቀ መሰለ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ከፊት የነበረው ናሆም ነው። እያለቀሰ ነበር፤ የእውነት እንባ ነው። ሒክማን አንገቷን አቅፎ፣ «ሒክማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«ምኑን?»

«ማን ነው የሞተው?»

ሒክማ ገፍታ አራቀችው። «ማንም አልሞተም! ምን እያልክ ነው? ደህና አይደለንም ነው ያልነው! በሉ ያልከንን ነው ያልነው!»

ናሆም አይኑን ጠረገና እኛን አየን፣ ድንኳኑን አየ። ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታያል። እኛም ገባን። በዚህ አገር በሩ ላይ ቆሞ ደህና አይደለሁም የሚል ሰው ሬሳ ቤቱ ያለ ሰው ብቻ ነው። ጠያቂዋ ይህን ከማንም አልተማረችም፤ ከእኛው አፍ ነው የተማረችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደህና አይደለንም ባለ ቤት ሁሉ ሟች ነበረ፤ በዚያው ቀን ድንኳን ደረሰ። ናሆም ጓዳ ይደርሳል ብሎ የማለው ይህን ነበር። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ሰውየው ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ይሆን አያውቅ እያልኩ እጠራጠር ነበር። አያውቅም ነበር። ይህ ነው ከሁሉ ያስደነገጠኝ፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ አያውቅም ነበር።

«በቃ ይመለሱ» አለች ሒክማ። «ስህተት ነው በላቸው። ይኸው፣ በርሜሉን አይተኸዋል፤ ይህን ንገራቸው።»

«አይቻልም» አለ ናሆም። «ድንኳን ያለ ሟች ተተክሎ አያውቅም። ስም መጥራት አለብኝ። ስም ካልተጠራ የሐሰት ለቅሶ ነው፤ ቤቱ ከጓዳ መዝገብ ይሰረዛል። ከእንግዲህ ምንም አይደርሰውም።»

«ድርሻውን እንደሆነ አንስታችሁታል! ምን ቀረን?»

«ከሐዘንተኛ ቤት አይነሳም።» ናሆም ይህን ሲል አፍሮ ነበር፤ ግን አለው። «ሐዘንተኛ ቤት ዓመት ሙሉ ድርሻው ይቀጥላል። ጓዳ ሐዘንተኛን አይረሳም።»

ሒክማ ያን ጊዜ የጮኸችውን ከሰፈሩ ያልሰማው የለም። «ስንኖር አታውቁን፣ ስንሞት ነው የምትመጡት? ላባችንን ሰጠናችሁ፣ ልጅነቴን ሰጠኋችሁ! ዱቄት ብንላችሁ ድንኳን? ፋብሪካው ሲዘጋብን ዝም፣ ልጅ ሲራብ ዝም፣ ለቅሶ ሲሆን አውቶቡስ ሙሉ? እናንተ የማን ናችሁ? ንገረኝ፣ የማን ናችሁ?»

ለቀስተኞቹ ይህን ሰምተው ለቅሶውን አጠነከሩት። ሐዘን የጎዳት ሴት መስላቸው ነው። አንዲት የፓርቲ ሴት ወገቧን ይዛ «አይዞሽ እቴ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

«የኔን ስም ጥራ» አልኩ እኔ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ናሆም አየኝና፣ «አንተ ተከራይ ነህ» አለኝ። «ተከራይ ከቤተሰብ አይቆጠርም።»

«በል የኔን ጥራ!» አለች ሒክማ። «ሒክማ ሞተች በል!»

በዚህ መሀል ከጎረቤት ድንኳን አንድ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ኤልዳና ናቸው። ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ለቅሶውን አቋርጠው፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው በተረጋጋ ድምፅ «ኤልዳና ፍቅሩ በሉ» አሉ። «እኔ ነኝ የሞትኩት። ልጆቼ ይብሉበት።» የልጃቸው ጩኸት ተከተለ። ከእሳቸው ቀጥሎ ካለው ድንኳን የአንድ ሽማግሌ ስም ተጠራ፤ የጠራው ሽማግሌው ራሱ ነው። ከዚያም ሌላ። ከላይ ሰፈር እስከ ታች፣ ማለዳ ደህና አይደለንም እንደተባለው ሁሉ፣ አንዱ ሲል ቀጣዩ እየበረታ ወረደ። ሁሉም በዕድሜ ትልልቆቹ ነበሩ።

ጋሽ ኢምራን ከድንኳኑ አግዳሚ ላይ፣ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ብቻውን አይተውም ብለው ነው የተቀመጡት። ተነሱ።

«ኢምራን ጀማል በል ልጄ» አሉት ናሆምን።

«አባባ አይሆንም!» ሒክማ ክንዳቸውን ያዘች። «ለሞተ ሰው መድኃኒት አይልኩም! አባባ፣ መድኃኒቱ አይመጣም፣ ታውቀዋለህ!»

«አውቀዋለሁ።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው ይህን ሁሉ ያመጣሁት! ለአንተ ብዬ እኮ ነው!»

«አንቺ ከሞትሽ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል? እኔ ነኝ?» አሉና እጇን ከክንዳቸው ላይ ቀስ አድርገው አነሱት። «ዓመት ትበላላችሁ። ዓመት ረጅም ነው፣ አላህ ያውቃል። በል ልጄ፣ ሰዎቹን አታቁማቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት።»

ናሆም ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ። አንድ ሰው እንዲያስቆመው የፈለገ ይመስለኛል። እኔም ላስቆመው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። አንገቱን ኮሌታው ላይ ወዳለችው መነጋገሪያ ደፋ አድርጎ የጋሽ ኢምራንን ስም ጠራ። የበሩ ጠያቂ ስሙን ተቀብላ ዝቅ ባለው ድምፅዋ ደገመችው፤ «ኢምራን ጀማል። አላህ ይዘንላቸው።»

ለቀስተኞቹ እንደ ወጉ ተነስተው ተሰለፉ። በቤቱ ባለቤቶች ፊት እያለፉ፣ እያንዳንዳቸው እጅ እየጨበጡ ማጽናናት ነው። ሒክማ መቆም አልቻለችም፤ ሁለቱ ልጆቿ ላይዋ ላይ ወድቀው ይጮሃሉ። ከቤተሰቡ የቆሙት ጋሽ ኢምራን ብቻ ነበሩና፣ ሰልፉ በእሳቸው ፊት አለፈ። አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጡ። ማን መሆናቸውን የጠየቀ የለም።

መጨረሻ ላይ የቀረበው ናሆም ነው። የሽማግሌውን ሁለት እጆች በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «አላህ ይዘንላቸው ጋሼ» አለ። «ለእናንተም ጽናቱን ይስጣችሁ።»

«አሜን ልጄ፣ አሜን» አሉ ጋሽ ኢምራን። «ደክማችሁ መጣችሁ፤ አላህ ይስጥልን።»